ከሸፈ፣ ነከሰ፣ ባረቀ፦ የመሣሪያ እክል በፖሊስ የተኩስ ሥልጠና ውስጥ

አማርኛ ስለ ጠመንጃ እክል የሚናገርባቸው ሦስት ግሦች አሉት፤ አንዱ በሌላው አይተካም። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ሳይተኮስ ሲቀር «ከሸፈ» ይባላል። ጥይት ወይም ቀለህ (የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቅርፊት) በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ተቀርቅሮ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድ ሲል «ነከሰ» ይባላል። ተኳሹ ሳያስበው ጥይት ሲወጣ ደግሞ «ባረቀ» ይባላል። ሁለቱ ግሦች መሣሪያው ሥራውን አለመሥራቱን ሲናገሩ፣ ሦስተኛው ባለቤቱ ሳይፈልግ መሥራቱን ይናገራል። በባሕር ዳርም ሆነ በሌላ ከተማ «መሣሪያ ሲወለውል ባርቆበት» የምትለውን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ከዚህች አባባል በስተጀርባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቆሰለ ወይም የሞተ ሰው አለ።

መክሸፍና መንከስ በየትኛውም መሣሪያ፣ በየትኛውም ሠልጣኝ እጅ፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ የሚመጡ ናቸው። በተኩስ ሜዳ ላይ ግን ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በእክሉ ሳይሆን እክሉን ለማስተካከል በሚደረገው ጥድፊያ ውስጥ በሚወለደው መባረቅ ነው። መሣሪያው እምቢ ባለበት ቅጽበት እጅ፣ ዓይንና ጆሮ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የማያስተምር የተኩስ ሥልጠና፣ ሠልጣኙ ዒላማውን የቱንም ያህል ቢመታ ግማሽ ሥልጠና ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ እዚህ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ክብደት የሚኖረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ፖሊሱ የሚሠራበት ቦታ ነው። ቅዳሜ ገበያ፣ የሐይቁ ዳር መናፈሻ፣ ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጀልባዎች የሚነሡበት ወደብ፣ በጥምቀት ሰሞን የሚጨናነቀው መንገድ ሁሉ ሰው ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፋባቸው ቦታዎች ናቸው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ እንዲህ ባለ ቦታ የባረቀች አንዲት ጥይት የምታልፍበት ባዶ መንገድ የላትም። ሁለተኛው ምክንያት ሠልጣኙ ራሱ ይዞት የሚመጣው ልማድ ነው። ከጣና ዙሪያ ገጠሮች ለፖሊስነት የሚመለመል ወጣት ብዙ ጊዜ ጠመንጃን በሥልጠና ጣቢያ አይደለም የሚተዋወቀው፤ በአባቱ ወይም በአጎቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየዋል፣ በሠርግና በለቅሶ ድምፁን ይሰማዋል፣ ከመሰልጠኑ በፊት ተሸክሞትም ሊሆን ይችላል። መሣሪያ ስለመያዝ፣ ስለማስመዝገብና ስለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማን ምን ይያዝ የሚለውን ሊወስን ይችላል፤ በልጅነት የተለመደውን የእጅ አያያዝ የሚያርመው ግን አሠልጣኝ ብቻ ነው።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ መረዳት ይጠቅማል። የአያቶቻችን ውጅግራ፣ ስሙ ከፈረንሳዩ የ1874 እ.ኤ.አ. «ፉዚል ግራ» የመጣው ጠመንጃ፣ አንድ ጊዜ ተጎርሶ አንድ ጊዜ የሚተኮስ ነበር። ከማንሊኸር ስሙን የወሰደው ምንሽር ብዙ ጥይት ቢይዝም፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ የሚያጎርሰው የተኳሹ እጅ ነው። በእነዚህ ጠመንጃዎች «ተኩሻለሁ፣ አሁን ባዶ ነው» ብሎ ማሰብ ስሕተት አልነበረም፤ እጅ ካልሠራ በስተቀር የሚተኮስ ነገር የለም። ክላሽና ሽጉጥ ግን ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ራሳቸውን በራሳቸው ያጎርሳሉ። ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው «ከተኮስክ ባዶ ነው» የሚለው ስሜት በአዲሱ መሣሪያ ላይ በቀጥታ ወደ አደጋ ይመራል፤ አሠልጣኙም ይህን ስሜት በስሙ ጠርቶ ካልነቀለው ሠልጣኙ ይዞት ይወጣል።

በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ

ክላሽ ሳያቋርጥ ሲተኩስ በደቂቃ 600 ጥይት ገደማ ይተኩሳል፤ ይህም ለአንዲት ጥይት አንድ አሥረኛ ሰከንድ ማለት ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ መሣሪያው ጥይትን ከካዝና (ብዙ ሰው ካርታ ይለዋል) ያወጣል፣ ከቱቦው ኋላ ወዳለው የጥይት ቤት ያስገባል፣ መዝጊያውን ይቆልፋል፣ መርፌው የጥይቱን አቀጣጣይ ይመታል፣ መዝጊያው ይከፈታል፣ ጥፍሩ ቀለሁን ጎትቶ ያወጣል፣ ቀለሁ ወደ ጎን ይወረወራል፣ መዶሻው ለሚቀጥለው ምት ይወጠራል። ስምንቱም ሥራዎች ተከታትለው ይፈጸማሉ፤ አንዱ ከዘገየ ወይም ከተዛነፈ የሚቀጥለው ይሰናከላል። ሠልጣኝ እነዚህን ስምንቱን በቃሉ ቢያነበንባቸው ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ባዶ መሣሪያ ይዞ፣ መዝጊያውን ቀስ ብሎ በእጁ እየሳበና እየለቀቀ፣ እያንዳንዷ እንቅስቃሴ ምን እንደምትሠራ በዓይኑ ሲያይ ነው። ያኔ እክል ሲገጥመው «መሣሪያው አበደ» ከማለት ይልቅ «የቱ ጋ ቆመ?» ብሎ ይጠይቃል።

ክላሽ አይነክስም የሚል አባባል አለ። እርግጥ ነው፣ በ1949 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ጦር ተቀባይነት ያገኘው ይህ መሣሪያ የተሠራው ጭቃና አቧራ እንዲችል ነው፤ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ፣ ጥይቱም ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ በመሆኑ በቀላሉ ይገባል፣ በቀላሉ ይወጣል። ሆኖም አይነክስም ማለት ከባድ ስሕተት ነው፤ ይህን እምነት ይዞ ሜዳ የገባ ሠልጣኝ መሣሪያው የነከሰበት ቀን ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ እክሉን ከጠበቀ ሰው ይልቅ ይደነግጣል።

ብዙዎች እክል ሲገጥማቸው መጀመሪያ የሚጠረጥሩት መዝጊያውን ወይም ጥይቱን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ካዝናው ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ በብዛት የሚወድቀው፣ የሚረገጠው፣ የሚለዋወጠውና ማንም ተጠንቅቆ የማይመረምረው እርሱ ነው። የካዝና አፍ ሁለት ከንፈሮች አሉት፤ ከንፈሮቹ በጥቂቱ ከተከፈቱ ሁለት ጥይት በአንድ ጊዜ ይለቃሉ፣ ከጠበቡ ደግሞ ጥይቱን ይይዙታል። ውስጡ ያለው ሞላ ሲደክም ጥይቱ በሰዓቱ አይወጣም፣ መዝጊያውም ባዶውን ያልፈዋል ወይም ጥይቱን አጋድሞ ይነክሰዋል። ሞላን የሚያደክመው በዋናነት ካዝና ሞልቶ መቀመጡ ሳይሆን ደጋግሞ መሙላትና ማራገፍ ነው፤ በሥልጠና ላይ ያሉ ካዝናዎች ቶሎ የሚያረጁትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ካዝና ቁጥር ተቀብቶበት፣ እክል በገጠመ ቁጥር የመሣሪያውና የካዝናው ቁጥር አብሮ ቢመዘገብ፣ ከጥቂት የተኩስ ቀናት በኋላ ጥፋተኛው ራሱን ያወጣል። በሦስት የተለያዩ ክላሾች ላይ ገብቶ ሦስቱንም ያስነከሰ ካዝና ካለ፣ ሦስቱን መሣሪያዎች መፍታት አያስፈልግም።

የካዝና አገባብም የራሱ ነገር አለው። በክላሽ ላይ የካዝናው ፊት መጀመሪያ ይያያዛል፣ ከዚያ ኋላው ተጎትቶ እስኪቆለፍ ድረስ ይታጠፋል። ከሌሎች አገሮች የተወሰዱ የሥልጠና ልማዶች «ካዝናውን ከሥር በመዳፍህ ምታ፣ አቀባብል (መዝጊያውን ወደ ኋላ ስበህ ልቀቅ)» ይላሉ፤ ይህ ትእዛዝ ካዝናቸው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ለሚገባ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ ለሽጉጥ፣ ትክክል ነው። ለክላሽ ግን የሚሻለው ካዝናውን ጨብጦ ወደ ታች መጎተትና መቆለፉን ማረጋገጥ ነው፤ በደንብ ያልተቆለፈ ካዝና በእጅ ላይ ይቀራል፣ ሠልጣኙም ችግሩን ወዲያው ያውቀዋል። አሠልጣኝ ለሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ ሲያስተምር ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ይህ ለማስተማር ይቀልላል፣ ለሚማረው ግን ትክክል አይደለም።

ሐይቁ፣ ክረምቱና ጨው

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከፍታው ራሱ በመሣሪያ አሠራር ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም፤ የሚያመጣው የአየሩ እርጥበት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይወርዳል፣ ሐይቁ ይሞላል፣ ከውኃው የሚነሣው ጉም በማለዳ የጥበቃ ቦታዎችን ይሸፍናል፤ ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ያደረ ብረት ጠዋት ላይ ላብ ያወጣል። ከኅዳር በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና አቧራው ይነሣል። ክረምት ላይ ለዝገት መከላከያ ተብሎ የተለቀለቀው ዘይት በጋ ላይ አቧራውን አቅፎ ጭቃ ይሆናል፤ ይህ ጭቃ በጥይት ቤት ውስጥ ሲጠራቀም ቀለህ አልወጣ ይላል። ስለዚህ በክረምት የሚቀባው መጠን በበጋ አይቀባም፤ በበጋ ላዩን ብቻ የሚያጠግብ ስስ ዘይት ይበቃል፣ የጥይት ቤቱና የቱቦው ውስጥ ደግሞ ከተኩስ በፊት ደረቅ መሆን አለባቸው።

ከሁሉ የሚረሳው ግን ጨው ነው። በምሥራቁ ጎራ አገሮች የተሠሩ ብዙ የቆዩ ጥይቶች አቀጣጣያቸው ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ ሲተኮስ በቱቦው ውስጥና በጋዝ ዘንጉ (የተኩሱ ጋዝ ገፍቶት መዝጊያውን በሚከፍተው ዘንግ) ላይ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ትቶ ያልፋል። ይህ ጨው እንደ ገበታ ጨው እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ እንደ ጣና ዳር ባለ እርጥብ አየር ውስጥ ደግሞ ብረቱን ለመብላት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። በየቤቱ የለመድነው ውልወላ በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ ነው። ነጭ ጋዝ ጥላሸትን ያሟሟል፤ ጨውን ግን አያሟሟም፣ ምክንያቱም ጨው የሚሟሟው በውኃ ነው። እናም መሣሪያው ከላይ ሲያዩት ያበራል፣ ከውስጥ ግን ጨው ሥራውን ይቀጥላል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከተኩስ በኋላ በዚያው ቀን ቱቦውንና የጋዝ ዘንጉን በፍል ውኃ ማጠብ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ ስስ ዘይት መቀባት ነው። «መሣሪያን በውኃ?» ብሎ የማይደነግጥ ሠልጣኝ የለም፤ ምክንያቱ ሲነገረው ግን አይረሳውም።

ጥይቱም እንክብካቤ ይፈልጋል። በቆዳ ዝናር ውስጥ ለወራት የተቀመጠ ጥይት ናሱ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ቆዳውን ያለፋው አሲድ ከእርጥበት ጋር ሆኖ ናሱን ይበላዋልና። እንዲህ ያለ ጥይት ወይ በጥይት ቤት ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፣ ወይ ይከሽፋል። ወደ ደሴቶቹ በጀልባ የተሻገረ ወይም ውኃ ውስጥ የወደቀ መሣሪያ ደግሞ ከመተኮሱ በፊት ካዝናው ወጥቶ፣ የጥይት ቤቱ ተፈትሾ፣ አፈሙዙ ወደ ታች ተደፍቶ ውኃው መውጣት አለበት፤ በቱቦ ውስጥ የቀረ ውኃ ወይም ጭቃ ለሚወጣው ጥይት እንቅፋት ነውና።

ሁለት ትምህርቶች፣ አንድ እጅ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ። አንድ ሠልጣኝ ቃታ ስቦ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ሰማ እንበል። ምን ያድርግ? በዚህ ላይ የፖሊስ ሥልጠና ሁለት ትምህርቶችን ያስተምራል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ እርስ በርሳቸው ግን ይጋጫሉ።

የመጀመሪያው የሜዳ ደኅንነት ትምህርት ነው፦ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሣ፣ ጣትህን ከቃታ አውጥተህ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ ይላል። ምክንያቱም አቀጣጣዩ ተመትቶ ባሩዱ ወዲያው ሳይቀጣጠል ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል። እንዲህ ያለው ጥይት ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ከገጠመ ግን ሠልጣኙ «ከሸፈ» ብሎ መዝጊያውን በከፈተበት ቅጽበት ያለ ቱቦ በእጁ ላይ ይፈነዳል፣ ወይም አፈሙዙን ወደ አሠልጣኙ አዙሮ «እምቢ አለኝ» ሲል ይተኮሳል። ሁለተኛው የግዳጅ ትምህርት ነው፦ ሕይወትህ አደጋ ላይ ነውና ካዝናህን አረጋግጥ፣ አቀባብል፣ ሁኔታውን ተመልከት፣ ቀጥል ይላል። እውነተኛ አደጋ ላይ ያለ ፖሊስ 30 ሰከንድ የለውም።

በብዙ ቦታ የሚደረገው አንዱን መምረጥ ነው። ሜዳ ላይ ደኅንነት ብቻ የተማረ ሰው በግዳጅ ላይ ደርቆ ይቆማል፤ ፍጥነት ብቻ የተማረ ሰው ደግሞ በሚያስፈራው ጊዜ ሁሉ ያቀባብላል፣ ማቀባበል ስሕተት በሆነበት ቦታም ጭምር። የእኔ አስተያየት ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ጆሮና ጣት ናቸው የሚል ነው። መሣሪያው እምቢ ሲል ከሦስት ነገሮች አንዱን ይናገራል።

«ቀጭ» ካለ መዶሻው ወድቋል፣ ጥይት ግን አልተኮሰም። ወይ የጥይት ቤቱ ባዶ ነው፣ ወይ ጥይቱ ከሽፏል፣ ወይም ዘግይቷል። በተለይ ክላሽ የመጨረሻዋን ጥይት ተኩሶ ሲጨርስ መዝጊያው ክፍት ሆኖ አይቀርም፤ ተኳሹ ማለቁን የሚያውቀው በዚችው «ቀጭ» ነው። ማካሮቭ የሚባለው ሽጉጥ በአንጻሩ ስምንተኛዋንና የመጨረሻዋን ጥይት ሲተኩስ ላይኛው ብረት ኋላ ላይ ይቆማል። ሁለቱን መሣሪያዎች የሚያፈራርቅ ፖሊስ ይህን ልዩነት ካላወቀ ባዶ ክላሽን «ከሸፈብኝ» እያለ ይታገላል።

ቃታው ልል ሆኖ ምንም ድምፅ ከሌለ፣ መዶሻው ከመጀመሪያውም አልተወጠረም ወይም መዝጊያው አልተዘጋም ማለት ነው። ይህ መንከስ ነው፤ መፍትሔው ደጋግሞ ቃታ መሳብ ሳይሆን መሣሪያውን ጋደም አድርጎ ማየት ነው። ቀለህ በመውጫው ላይ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከሆነ ጠንክሮ ማቀባበል ብዙ ጊዜ ያስወጣዋል። ሁለት ጥይት አብረው ገብተው ከተቃቀፉ ግን ማቀባበል ያባብሰዋል፤ መጀመሪያ ካዝናው መውጣት አለበት፣ ከዚያ መዝጊያው ተይዞ የተቀረቀረው መውደቅ አለበት። ክላሽ መዝጊያውን ከፍቶ የሚያቆምበት መያዣ ስለሌለው አንዱ እጅ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይዞ ሌላው ጥይቱን ያወጣል፤ ሁለቱም እጅ በሥራ ተይዟልና በዚያን ጊዜ አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ ሠልጣኙ ይረሳል። አሠልጣኙ ከሠልጣኙ አጠገብ ቆሞ ሊመለከተው የሚገባው ጣቶቹን ሳይሆን አፈሙዙን ነው።

ሦስተኛው ድምፅ «ቡፍ» የምትል፣ እንደ ደከመች ጥይት ያለች፣ ግፊቷም ትከሻን የማትነቀንቅ ናት። ባሩዱ አንሷል ወይም እርጥበት በልቶታል፣ እርሳሱም (ወደ ዒላማው የሚሄደው የጥይቱ ጫፍ) ምናልባት በቱቦው መካከል ቆሟል። ከኋላዋ ሌላ ጥይት ከተላከ ሁለቱ ቱቦው ውስጥ ይጋጫሉና ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ሊፈነዳ ይችላል። እዚህ ላይ የግዳጅ ትምህርት የሚያስተምረው ማቀባበል በትክክል ገዳዩ ነው። ለ«ቡፍ» አንድ መልስ ብቻ አለ፦ ማቆም፣ ካዝናውን ማውጣት፣ የጥይት ቤቱን ባዶ ማድረግ፣ ቱቦውን ከኋላ በኩል ብርሃን አሳይቶ ማየት። በግዳጅ ላይም ቢሆን ይህ መሣሪያ ከዚያ በኋላ መሣሪያ አይደለም።

ይህን የሚያስተምረው የተሻለው መንገድ ማስመሰያ ጥይት ነው፤ ባሩድም አቀጣጣይም የሌለው፣ በቀለሙ ከእውነተኛው በግልጽ የሚለይ። አሠልጣኙ ሠልጣኙ ሳያይ ከእውነተኛ ጥይቶች መካከል አንድ ሁለት ማስመሰያ በካዝናው ውስጥ ይጨምራል። ሠልጣኙ ሲተኩስ ቆይቶ ድንገት «ቀጭ» ይሰማል። በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገሮች ይገለጣሉ። የመጀመሪያው እክልን እንዴት እንደሚያስተናግድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አሠልጣኞች የሚወዱት ነው፤ ጥይቱ ሳይወጣ አፈሙዙ ወደ ታች ከተወረወረ ሠልጣኙ ድምፁን እየፈራ ቃታ እንደሚመነጭቅ ያሳያል፣ ዒላማውን የሚስተውም ለዚህ ነው። አንድ ማስመሰያ ጥይት ዋጋው ትንሽ ነው፤ ደጋግሞም ያገለግላል። ይህ ልምምድ በክፍል ውስጥ ሲደረግ ግን አንዲትም እውነተኛ ጥይት በክፍሉ ውስጥ፣ በኪስም በዝናርም፣ መኖር የለባትም።

ድንጋጤ በሰው አካል ላይ የሚሠራውም ነገር የሥልጠናው አካል መሆን አለበት። ልብ ሲመታ ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ ዓይን ከፊቱ ያለውን ብቻ ያያል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን አንዱ እጅ በኃይል ሲጨብጥ ሌላውም እጅ ሳያውቀው አብሮ መጨበጡ ነው። አሁን የነከሰ ክላሽ የያዘ ሠልጣኝን እናስብ፤ በአንዱ እጁ ማቀባበያውን ባለ በሌለ ኃይሉ ይጎትታል፣ የሌላው እጁ ጣት ደግሞ በቃታው ላይ ቀርታለች። መዝጊያው ድንገት ሲለቅ፣ ጥይቱ ሲገባ፣ ሌላኛው እጅ አብሮ ይጨብጣል። ይህ ነው «ባረቀ» የምንለው። ጣት ከቃታ ውጪ በብረቱ ጎን ላይ ተዘርግታ ብትቀመጥ ኖሮ መሣሪያው ነክሶ፣ ተከፍቶ፣ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር።

ቃሉ ራሱም ትንሽ ያሳስበኛል። «ባረቀበት» ስንል ባለቤቱ ጠመንጃው ነው፣ ሰውየው የደረሰበት ነው። እርግጥ መሣሪያ ራሱ በራሱ የሚተኩስባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አሉ፦ መዶሻውን የሚይዘው ጥርስ ሲያልቅ፣ መርፌው በቆሻሻ ወይም በደረቀ ቅባት ወደ ፊት ተጣብቆ ሲቀር፣ ከብዙ ተኩስ በኋላ የጋለ የጥይት ቤት ውስጥ የቀረች ጥይት በሙቀት ስትነሣ። እነዚህን ከጣት ስሕተት መለየት የሚቻለው ግን መሣሪያው ወዲያው ተለይቶ በባለሙያ ሲመረመር ነው እንጂ «ባረቀ» ተብሎ ወደ ግምጃ ቤት ሲመለስ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ወንጀል አድርጎ፣ ሙያዊ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱን ያከብደዋል። በ1990 እ.ኤ.አ. በሃቫና የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መሠረታዊ መርሆችም መሣሪያና ጥይት እንዴት እንደሚቀመጡ፣ እንደሚሰጡና ተረካቢው እንዴት እንደሚጠየቅባቸው በደንብ እንዲወሰን ይጠይቃሉ። ሁለቱም በመጨረሻ የሚያርፉት ማንም ትኩረት በማይሰጠው መዝገብ ላይ ነው፦ የትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው ካዝና፣ በየትኛው የጥይት ሣጥን፣ ምን ሆነ?

መዝገቡ እንዳይሞላ የሚያደርገው ትልቁ እንቅፋት ኀፍረት ነው። ጠመንጃ የወንድነት ምልክት ሆኖ በኖረበት አገር «ነከሰብኝ» ማለት «አልቻልኩበትም» ከማለት ጋር ይምታታል፤ ሠልጣኙ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት እክሉን ደብቆ ይታገላል፣ ሳያስታውቅ ይጠግናል፣ ካዝናውንም ለሚቀጥለው ሠልጣኝ ያቀብላል። እጁን አንሥቶ «እክል!» ብሎ የጮኸን ሠልጣኝ በሰልፉ ፊት ያመሰገነ አሠልጣኝ፣ ከአሥር ንግግር በላይ ሠርቷል።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ማራገፍ ነው፤ በተኩስ ሜዳ ላይ ሳይሆን ፈረቃው ሲያልቅ፣ ፖሊሱ ደክሞት ወደ ጣቢያው ሲመለስ። ክላሽ መጠበቂያው (ቃታው እንዳይሠራ የሚከለክለው ማንሻ) ላይ እያለ ማቀባበያው እስከ መጨረሻው አይሳብም። ለማራገፍ መጠበቂያውን ማውረድ ግድ ነው፤ መሣሪያው ሜካኒካዊ ጥበቃ በማይኖረው በዚያ ቅጽበት ሰውን የሚጠብቁት የአፈሙዙ አቅጣጫና ከቃታ የራቀችው ጣት ብቻ ናቸው። የቅደም ተከተሉ ነገር ደግሞ ሁሉንም ይወስናል። ካዝናው ቀድሞ ከወጣ፣ ከዚያ ሲቀባበል በጥይት ቤት ያለችው ጥይት ትወድቃለች፣ መሣሪያውም ባዶ ይሆናል። የደከመ ሰው ግን መጀመሪያ ያቀባብላል፤ አንዲት ጥይት መሬት ላይ ስትወድቅ ያያል፣ «ወጣች» ይላል፣ ከዚያ ካዝናውን ያወጣል። የወደቀችውን ተክታ ከካዝናው የወጣች ሌላ ጥይት በጥይት ቤት ውስጥ እንደተቀመጠች አያውቅም። ባዶ መሆኑን ለማረጋገጥ ቃታ ሲስብ ትወጣለች።

በየጣቢያው በር ላይ አሸዋ የሞላ በርሜል ማቆም፣ አፈሙዙን ወደዚያ አዙሮ ማራገፍ፣ ሁለተኛ ሰው ደግሞ የጥይት ቤቱን በዓይኑ አይቶ፣ ሌሊት ከሆነ ትንሿን ጣቱን አስገብቶ ዳሶ «ባዶ ነው» እንዲል ማድረግ ይቻላል። አሸዋው ከሐይቁ ዳር ይገኛል፤ በርሜሉም አሮጌ የነዳጅ በርሜል ሊሆን ይችላል።